በትኬት የሚታይ ባሕር

በፎገራ ሜዳ ላደገ ሰው ባሕር ማለት ጣና ነው። ባሕሩን ለማየትም ብዙ መንገድ መሄድ አያስፈልገንም፤ ክረምት ሲገባ ራሱ ወደ እኛ ይመጣል። ርብና ጉማራ የጉናን አፈር ተሸክመው ይወርዱና ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ጣናም ከወዲያ ሞልቶ ይገፋል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ ከልኩ አልፎ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ስለዚህ በእኛ አገር ውሃ ይፈራል፣ ይለመናል፤ መጫወቻ ሲሆን ግን አላየንም።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሩዝ ሥልጠና ከወረታ ተነሥቼ ጃፓን፣ ጹኩባ ከተማ በሰነበትሁበት ጊዜ አንድ እሑድ የሥልጠና ጓደኞቼ «ቶኪዮ ዲዝኒ ሲ» ወደሚባል መዝናኛ ይዘውኝ ሄዱ። በአማርኛ «የዲዝኒ ባሕር» ብንለው ያስኬዳል። በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ኡራያሱ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ነው።

እንደገባን ሰው ሠራሽ ወደብ፣ ወደቡን የከበቡ የጣሊያን ቤቶች፣ ከኋላቸውም እሳት የሚተፋ ተራራ ታየን። «ኮሎምቢያ» የተባለች ግዙፍ መርከብ ቆማለች፤ ተሠርታ ካለቀች ጀምሮ ግን አንድም ቀን ጉዞ ወጥታ አታውቅም። ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ ዓረብ አገር ለመድረስ ጥቂት የእግር መንገድ ይበቃል። እኔ ብዙ የቆየሁት «የጠፋው ወንዝ ደለል» የሚል ስም በሰጡት ሰፈር ነው። የደለል ልጅ ነኝና ስሙ ሳበኝ። ጭቃ መሳዩ ሲሚንቶና ቀለም ነው፤ እግር አይዝም። ውሃው ተለክቶ ይፈሳል፤ የማንንም በሬ አይወስድም። ሕፃናት ይጮሃሉ፤ ጩኸታቸው ግን የደስታ ነው። በውሃ ምክንያት የሚሰማ እንዲህ ያለ ጩኸት ለጆሮዬ እንግዳ ነበር።

ማታ ለእናቴ ደውዬ የዋልሁበትን ነገርኋት።

«ውሃ ለማየት ገንዘብ ከፈላችሁ?»

«አዎ፣ እማ።»

«የእኛን ብትነግራቸው በነፃ አይመጡም ነበር?»

ሳቅን። የቀኑ ትልቅ ቁም ነገር ግን ከእግሬ ሥር ነበር። መናፈሻው የቆመበት መሬት ራሱ ትናንት ባሕር ነበር። የኡራያሱ ሰዎች ከጥልቀት አልባው ዳርቻ ዛጎል ለቅመው፣ የባሕር ሣር አድርቀው የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1958 ከአንድ የወረቀት ፋብሪካ የወጣ ቆሻሻ ውሃ ባሕራቸውን አበላሸው፤ በ1971 የማጥመድ መብታቸውን ፈጽመው ለቀቁ። ባሕሩ በአፈር ተሞላ፤ የከተማዋ ስፋትም ወደ 4 እጥፍ አደገ። በዚያ መሬት ላይ በ1983 የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ፣ በ2001 ደግሞ ይኸው «ባሕር» ተከፈተ። እውነተኛው ባሕር ከሥር ተቀበረ፤ የመጫወቻው ከላይ ተቆፈረ ማለት ነው። የጥንቱን ኑሮ ማየት የፈለገ የአጥማጆቹን ቤትና ጀልባ በከተማው ሙዚየም ያገኛል። በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ግን በአፈር የተሞላው መሬት እንደ ጭቃ ላላ፤ ቤቶች ዘመሙ። ውሃ የቀድሞ ሰፈሩን አይረሳም።

ይህን የምለው ኡራያሱን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙ ሰው በዚያ መሬት ላይ ቤትና እንጀራ አግኝቷል። እኛም ከውሃችን ጋር መልካም ስምምነት አድርገናል። ውሃ ተኝቶበት ለከብት ግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው የፎገራ ረግረግ፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ካስጀመሩት የሩዝ እርሻ ወዲህ ጎተራ የሚሞላ ማሳ ሆኗል። «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘር ስሙ የተወሰደው ከዚያው ከአካባቢያችን ነው። ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ላይ ይገኛል። የምንፈራው ውሃ እንጀራችን ሆነ፤ ያውም ሳንቀብረው።

ሥጋቴ ከዚህ ይጀምራል። ከሜዳው ውስጥ ሸሸርና ወለላ የሚባሉ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች ክረምታቸውን የሚያሳልፉባቸው ረግረጎች አሉ። እርሻው እየገፋቸው፣ የመስኖ ሞተር እየመጠጣቸው ጠበዋል። መሬት የጠበበበትን ገበሬ «አትረስ» ማለት ከአዲስ አበባ ሲሉት ይቀላል። ቢሆንም ሩዙን የሰጠን ይኸው ውሃ ነው፤ ማረፊያውን ስንጨርስበት በምን ልናበቅል ነው? የልጅ ልጆቻችን ሸሸርን ከሲሚንቶ ተሠርቶ፣ ትኬት ቆርጠው እንዳያዩት፣ ዛሬ በነፃ ያለውን ጥቂት እናቆይላቸው።