ወፎች የሚሞሸሩበት ክረምት

ወፍ ለማየት ብሎ ወደ አገራችን የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ በዚያ ላይ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች ሐይቆቻችንን ይሞሏቸዋል። አስጎብኚዎችም የሥራ ወራቸውን የሚቆጥሩት በዚሁ ነው። ክረምቱ ደግሞ "ጊዜው አይደለም" ተብሎ ይታለፋል። በዚህ አልስማማም። የራሳችንን ወፍ በሙሽራ ልብሱ፣ ጎጆውን ሲሠራና ሚስት ሲያባብል ማየት የፈለገ ሰው ከሐምሌና ከነሐሴ የተሻለ ወር አያገኝም። ሣሩ የሚያድገው ያኔ ነው፤ ጫጩት የሚያጠግበው ትልና አንበጣም የሚፈላው ያኔ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጠነክር፣ ጎሕ ሲቀድ ለተነሣ ሰው ጠዋቱ ሙሉ ነው።

ሱሉልታ፣ ሐምሌ አጋማሽ

እንጦጦን ተሻግረን ሜዳው ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ከመንገዱ ወጥተን አንድ ቦይ ዳር ቆምን። ፊት ለፊታችን በቄጤማ ጫፍ ላይ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ወፍ ተቀምጧል። አቅራቢ መነጽሬን ሳነሣ ጥቁሩ እንደ ከፋይ ነው፤ ትከሻውና ወገቡ ላይ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ቢጫ አለ። የወገቡን ላባ ነፍቶ አቆመው። ከዚያ ክንፉን እያርገበገበ ከሣሩ በላይ ዝግ ብሎ በረረ። ቶሎ መብረር አቅቶት አይደለም፤ ቢጫው እንዲታይለት ነው። ቡናማዋና ዥጉርጉሯ ሴት ከሥር ሣር ውስጥ ነበረች። ሌላ ወንድ ጠጋ ሲል እያሳደደ አባረረው፤ ተመልሶም እዚያችው ቄጤማ ላይ አረፈና ጥዝ የሚል ድምፁን ቀጠለ። የጎጆውን መዋቅር የሚጎነጉነው እሱ ነው፤ ውስጡን በለስላሳ ነገር የምትደለድለው ሴቷ ናት። የሚደለድሉለት ሴቶች ብዙ ከሆኑ ደግሞ ብዙ ጎጆ ይኖረዋል።

ሕዝቡ የመስቀል ወፍ የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ስሙ ለአንድ ዝርያ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ጭራው የረዘመውንና አንገቱ ላይ ቀይ ያለበትንም በዚሁ ስም ሲጠሩት ሰምቻለሁ። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋ እንግዳ አድርገን ነው የምናስበው። ወፉ ግን የትም አልሄደም። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ወንዱ ጥቁር ላባውን ያረግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በታጨደ ማሳ ላይ ከመንጋው ጋር ተቀላቅሎ ጥሬ ሲለቅም ብዙ ሰው አይለየውም። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነው። በየገብስ ማሳው የምናልፋቸውን ቡናማ ወፎች ከዚህ ወዲያ ትኩር ብዬ ነው የማያቸው።

እዚያው ቦይ ውስጥ ቀይ ቡናማ የሆነ፣ ጭራው ሥር ነጭ ያለበት የውኃ ዳር ወፍ በሁለት እርምጃ ርቀት ጭራውን ሽቅብ እየነቀነቀ ይመላለሳል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በየትም አይገኝም፤ ሰውም አይፈራም። ሜዳው ግን ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። አጥር፣ መጋዘን፣ የድንጋይ ክምር ይበዛል፤ ውኃው የሚተኛበት ሣር ያንሳል። ይህን ሳይ ውስጤ ይቃጠላል።

በዚህ ሜዳና ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በበርጋ ረግረግ በክረምት የምትመጣ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ክንፏ ላይ ነጭ አለባት፤ ቁመቷ ከአንድ ስንዝር ያንሳል። በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። የምትራባበት ቦታ ተረጋግጦ የሚታወቀው በኢትዮጵያ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህም በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ጎጆዋን መሬት ላይ በሣሩ ውስጥ ትሠራለች። እሷን ለማየት ሰዎች ተሰልፈው ረግረጉን እየረገጡ የሚያስነሡበት ዘዴ አለ። እኔ አላደርገውም፤ አብሮኝ የሄደውንም ወዳጄን አልፈቀድኩለትም። እንቁላል ላይ የተቀመጠችን ወፍ፣ ያውም ከጥቂት መቶዎች አንዷን፣ ለአንድ መስመር ማስታወሻ ብሎ ከጎጆዋ ማስነሣት ትልቅ በደል ነው። በርጋን በሩቅ አይተን አለፍን።

ደብረ ሊባኖስ

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ከገደሉ ወገብ ላይ ነው። እኛ ከላይ፣ ጭላዶች ሣር ከሚነቅሉበት አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ከታች ያሉት ፏፏቴዎች ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፤ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶታል።

አሞራዎቹ እንደኛው ፀሐይ ይጠብቃሉ። አለቱ በኩሳቸው ነጥቷል፤ በየእርከኑ ክንፋቸውን ዘርግተው ያደርቃሉ። ከባድ ወፍ በክንፉ ጉልበት ብቻ ሩቅ አይሄድም። ምድሩ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሣ ይቀመጣል፤ ከዚያ በዚያ አየር ላይ እየተሽከረከረ ይወጣል። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዱ ዘለለ፤ ወዲያው ሌሎቹ ተከተሉት። ከእኛ በታች ስለነበሩ ጀርባቸውን ነው ያየነው። ቡናማው ላባ ጫፍ ጫፉ ነጣ ብሎ ቅርፊት ቅርፊት ይመስላል። ይህ ዝርያ ስሙን ያገኘው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችንን ከዞረው ከጀርመናዊው ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ዝርያ አንዱ በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። ከዚያ በላይ የበረረ ወፍ እስካሁን አልተመዘገበም። ዛሬ ግን በዓለም ደረጃ ሊጠፉ ከተቃረቡት መካከል ነው። ለጅብና ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ መንጋውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ከዚያ አጥንት ሰባሪው መጣ። ክንፉ ረጅምና ሹል፣ ጭራው ሽብልቅ ነው፤ ከመንቁሩ ሥር ጥቁር ጢም ተንጠልጥሏል። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ የሚቀረው አጥንት ለእሱ ዋና ቀለቡ ነው። ትልቁን አጥንት ወደ ላይ ይዞት ይወጣና ጠፍጣፋ አለት ላይ ይለቀዋል፤ እስኪሰበር ድረስ ይደጋግመዋል። ስብርባሪውን ከነስለቱ ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድ ያሟሟዋል። ደረቱ ብርቱካናማ ነበር። ላባው ሲበቅል ግን ነጭ ነው፤ ቀለሙን የሚያገኘው የብረት ዝገት ያለበት ጭቃና ውኃ ውስጥ እየተንከባለለ ነው። በፊታችን ሲያልፍ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቀይ ቀለበት ያለ መነጽር ታየን። ወዳጄ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም።

የጀማ ሸለቆ

ከሙከጡሪ ታጥፎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ሜዳውን ሄዶ ሄዶ በድንገት ገደል አፍ ላይ ያደርሳል። ከዚያ ወደ ጀማ ወንዝ ድልድይ ቁልቁል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። ጋቢ ለብሰን ጀምረን በሸሚዝ ጨረስን። ገብሱ ቀርቶ ማሽላ መጣ፤ ጽዱ ቀርቶ ግራር መጣ።

እዚህ የመጣነው ለአንድ ቆቅ ነው። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ መንቁሩም ቀይ፣ ደረቱ በጥቁርና በነጭ ቅርፊት የተሞላ ነው። ከዓባይና ከገባሮቹ ሸለቆዎች በቀር በዓለም ላይ ቤት የለውም። ለሳይንስ የተዋወቀው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ሲነጋጋ ጩኸቱን ሰማን፤ ወፉን ግን ማሽላው ደበቀብን።

ከወዲያ ማዶ በመርሐቤቴ በኩል አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን ሲያርሙ አገኘን።

"እንደምን አደሩ አባቴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ጠፍቷችሁ ነው ልጄ፣ ከሌሊት ጀምራችሁ የምትዞሩት?"

"ቆቅ ለማየት ነው።"

"ለማየት ብቻ?" አሉና መኮትኮቻቸውን ተደገፉ። "ቆቁማ አለ። ከዚያ ጥሻ ሥር ነው የሚያድር። ፀሐይ ሳይበረታ ማሳው ዳር ይወጣል፤ እናንተ ተቀመጡ፣ አትንቀሳቀሱ።"

ተቀመጥን። እውነታቸውን ነበር፤ ሁለት ቆቆች አንገታቸውን እያሰገጉ ከጥሻው ወጡና እርጥብ አፈሩን ጫሩ። አንዱ ከእግራችን ብዙም ሳይርቅ ትል ነቅሎ ዋጠ።

ሽማግሌው እኛ ስናይ እሳቸው እኛን ሲያዩ ቆዩ። በኋላ እጃቸውን ወደ ወንዙ ዘረጉ። "ይኼ ሁሉ ደንገልና ጥሻ ነበር። ልጆቼ መሬት የላቸውም፤ እስከ ወንዙ አፍ ድረስ አረስነው። ቆቁ ወዴት ይሂድ?" ጥያቄው ለእኔ የተጠየቀ ይመስል ነበር፤ መልስ አልነበረኝም። ቆቁን የሚያውቁትም፣ መኖሪያውን ለማረስ የተገደዱትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ወፍ ጥበቃ የሚያስብ ሁሉ መጀመሪያ ከእኚህ ሰው ማሳ ዳር ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

አንኮበር፣ ነሐሴ

ደብረ ብርሃን አድረን ማለዳ ተነሣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እረኞቹ ገሳቸውን ደርበው በየሜዳው ቆመዋል፤ ዝይዎቹ አንገታቸውን ጀርባቸው ላይ አስተኝተው እርጥቡን ሣር ይግጣሉ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበር። ሰማዩ ከጠራ ከገደሉ ላይ እስከ አፋር ሜዳ ይታያል፤ በክረምት ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጉም ነው። ገደሉ አፍ ላይ ካፊያ እየመታን ቆየን። ጉሙ ለአፍታ ሲከፈት ጥቂት ትናንሽ ቡናማ ወፎች ከአለቱ ሥር ተነሥተው እግራችን አጠገብ አረፉ። ገላቸው ዥጉርጉር፣ መንቁራቸው ቀጭን ነው፤ ሌላ የሚያስደምም ነገር የላቸውም። ዘር ለቀሙ፣ ተነሡ፣ ተመልሰው አረፉ። ከአንኮበር ስሙን የወሰደው ወፍ ይህ ነው። ብሪታንያዊው ጆን አሽ በ1976 እ.ኤ.አ. እዚህ አካባቢ እስኪያገኘውና በ1979 እስኪገልጸው ድረስ በሳይንስ መዝገብ ላይ አልነበረም። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች በዚሁ በር አልፈዋል፤ ከመካከላቸው አውሬ አዳኝና ሠዓሊ ነበረ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ማንም አልመዘገበውም። በኋላ ሰሜን ተራሮች ላይም ተገኝቷል።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባና ወደ ቆላው ወርደን፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነችውን ሌላዋን የአገራችን ብቻ የሆነች ወፍ ልንፈልግ አስበን ነበር። የሌሊቱ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል አሉን። ውኃው ሲጎድል፣ ጳጉሜን ላይ እንመለሳለን፤ ማሽላው ገና ሳይታጨድ፣ የመስቀል ወፉ ወንዶችም ጥቁር ላባቸውን ሳያረግፉ።