የአያታችን የከሰል ካውያ

በቤታችን ጓዳ፣ ከጎታው ሥር፣ አንድ አሮጌ የከሰል ካውያ ነበር። ካውያው የአያታችን ነው። ዝጎ፣ አቧራ ለብሶ፣ እጀታው ተሰብሮ ብዙ ዓመት ተቀመጠ።

አንድ ቀን የልዋጭ ነጋዴ መጣ። «ይህን ብረት ስጡኝ፤ የፕላስቲክ ጆግ እሰጣችኋለሁ» አለን። ደስ አለን። ልንሰጠው ስንል አያታችን ከመደቡ ላይ ሆነው ተቆጡ።

«ተዉ ልጆቼ! ተስቦ በገባ ጊዜ የልብሳችንን ቅማል የፈጀልን እሱ ነው» አሉን።

አፍረን መለስነው። ነገሩን ግን የሽማግሌ ወሬ ነው ብለን ናቅነው።

በዚያው ክረምት ወንዱ ልጃችን ታመመ። ትኩሳቱ ለቀቀው ስንል ተመልሶ ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሐኪሙ መርምሮ «የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው» አለን። መድኃኒትም ሰጠው።

«ልጁን ብቻ ማከም አይበቃም። የሁላችሁንም ልብስ ቀቅሉ። የማይቀቀለውን በካውያ ተኩሱ። ቅማልና ቅጫም የሚደበቁት ስፌት ውስጥ ነው» ሲል መከረን።

ያን ጊዜ የአያታችን ቃል ትዝ አለን።

ካውያውን አወጣን። ዝገቱን በአሸዋና በጨርቅ ፈተግን። የክዳኑ መቀርቀሪያ ወልቆ ነበር። መቀርቀሪያ ከሌለ ክዳኑ ተከፍቶ ፍም ይደፋል። ስለዚህ ቀጥቃጩ አዲስ ሠራልን። እጀታውን ከወይራ እንጨት ጠረብን።

የጥጡን ልብስ በእንዶድ አጥበን ቀቀልን። የሱፍ ኮቱ ግን ቢቀቀል ይጨማደዳል። እሱን ገልብጠን የአንገቱን፣ የብብቱንና የጎኑን ስፌት ቀስ ብለን ተኮስን።

በመጀመሪያው ቀን ግን ተሳሳትን። ዝናብ ስለነበር በር ዘግተን ተኮስን። ጥቂት ቆይቶ ሁላችንንም ራሳችንን አመመን። ሴቷ ልጃችን ወደቀች። ተሸክመን ወደ ውጭ ስናወጣት ነፍስ ዘራች። ለካ ከሰል አፍኗት ኖሯል! የከሰል መርዝ አይታይም፤ አይሸትም፤ ግን ይገድላል። ከዚያ ወዲህ የምንተኩሰው ውጭ፣ ከታዛው ሥር ነው።

ከሰሉንም ውጭ አቀጣጥለን ፍም ሲሆን ብቻ እንጨምራለን። በደንብ ያልነደደ ከሰል ይጨሳል፤ ልብስም ያጠቁራል። ጠብታ ውሃ ስናሳርፍበት ቸስ ካለ ካውያው ግሏል ማለት ነው።

ሥራ ስንጨርስ አመዱን እንደፋለን። አመድ እርጥበት ይስባል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። ብረቱ ለብ እንዳለ ሰም ቀብተን በጨርቅ እንወለውለዋለን።

ይህን ያዩ ጎረቤቶቻችንም ካውያ ፈለጉ። አብረን ገበያ ወርደን ሁለት አሮጌ ካውያ አገኘን። አንዱ ያብረቀርቃል፤ ግን ሥሩ ተሰንጥቋል። ሁለተኛው ዝጓል፤ ሥሩ ግን ደህና ነው። የዛገውን እንዲገዙ መከርናቸው። ዝገት ይለቃል፤ ስንጥቅ ግን ፍም ያፈሳል።

ልጃችን ድኖ ትምህርቱን ቀጠለ። አያታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። ካውያቸው ግን ከመደባቸው በላይ ተሰቅሏል። የልዋጭ ነጋዴው በመጣ ቁጥር ያየዋል። እኛም «ይህ አይለወጥም» እንለዋለን።

እናንተም እስቲ ጓዳችሁን ፈትሹ።