ለልብ ጥሩ ነው አሉ

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ለእኛ ጫማ፣ ለአባቶቻችን ባለ 81 ሚሊግራም አስፕሪን ይወጣል። «ለልብ ጥሩ ነው» ይባላል፣ አለቀ። ከቁርስ በኋላ አንድ አንድ፣ ልክ እንደ ቫይታሚን!

እኛ ግን ጨጓራም አለ እንላለን። አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ለልብ የሚበጀውም ለዚሁ ነው። በዚያው ልክ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ ቁስል ይፈጠራል፣ ከቆሰለ ደግሞ ደሙ ቶሎ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በአውስትራሊያና በአሜሪካ ከ19 ሺህ በላይ የልብ በሽታ የሌለባቸውን አረጋውያን ተከታትሎ ነበር። በየቀኑ 100 ሚሊግራም መውሰዳቸው የልብ በሽታን ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰላቸውም፤ ከባድ መድማትን ግን በ38 በመቶ ጨመረ። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚደርቡበትማ አደጋቸው ይብሳል።

እኛን የሚያስፈራን ዝምታው ነው። ጨጓራ ሲደማ ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። ይህን ለልጁ የሚናገር አባት የታለ? ጋዜጠኝነት ስንማር ባለሥልጣን መጠየቅ ተለማምደናል፤ አባትን ስለ ሰገራው መጠየቅ ግን ማን አስተማረን? ቢሆንም እንጠይቅ። ጠቁሮ ከሆነ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ክኒኑን ከእጃቸው እንዳትነጥቁ! ልባቸውን ታመው ወይም ስትሮክ መቷቸው ሐኪም ያዘዘላቸው በራሳቸው ማቆም የለባቸውም። ሻንጣ ያዘዘላቸው ግን ሐኪም ይጠይቁ።