ካልቪን ሽዋቤና የውሻው ትል
አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ካልቪን ሽዋቤ (እ.ኤ.አ. 1927–2006) ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ካጠኗቸው ጥገኛ ተውሳኮች ዋነኛው ኤኪኖኮከስ ነው። ከኮሶ ትል ወገን የሆነው ይህ ትል ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣሩን ይበክላል። በግ ከሣር ጋር፣ ሰው ደግሞ ባልታጠበ እጅ ሲውጠው፣ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። የታረደው በግ ጉበት ለውሻ ሲጣል ትሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አስቸጋሪው ጉዳቱን መቁጠር ነው። በጉ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሳይ ይታረዳል፤ ኪሳራው የሚታወቀው ቄራ ላይ ጉበቱ ሲወገድ ነው። ሰው ላይም ከረጢቱ ሳይታወቅ ለዓመታት ያድጋል። የቄራውና የሆስፒታሉ መዝገብ ጎን ለጎን ካልተነበቡ ከሸክሙ ብዙው ይሰወራል። ሽዋቤ በኋላ «አንድ ሕክምና» ብለው የተሟገቱለት፣ የሰውና የእንስሳት ሕክምና አንድ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የበቀለ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተዛውረው በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ የኤፒዲሚዮሎጂ ክፍል መሠረቱ።