ዜሮም ቁጥር ነው

ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ነኝ። መቁጠርን የተማርሁት ግን በደቡብ ጎንደር፣ በአንድ ደብር ደን ውስጥ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ባዮሎጂ የሚያጠና የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ለመመረቂያ ጥናቱ እንድናግዘው ሦስታችንን ይዞን ሄደ። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ፤ መካከሉ ዝግባ፣ ወይራና ጥድ። ሥራችን መሬቱን በቃጫ ገመድ እየከፈልን፣ በየክፍሉ በራሳቸው የበቀሉ ችግኞችን መቁጠር ነበር። በአምስቱ ክፍሎች ከብት ከረገጠው አፈር በቀር ምንም አላገኘንም። በስድስተኛው እጄ እንቢ አለኝና «ሦስት» ብዬ ጻፍሁ። ያን የመሰለ ደን ባዶ ነው ማለት ነውር መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ ተመልሶ ቆጠረ፤ ሰረዘውም።

«ይህ ደን ሽማግሌ እንጂ ልጅ የለውም። አንተ በወረቀት ልጅ ወለድህለት። እንዲህ ከተጻፈ ማን ካብ ይክብለታል?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምናውቃቸው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከብት በማይገባበት የደን ክፍል ችግኝ ይበልጥ እንደሚበቅልና እንደሚተርፍ አሳይተዋል። በዚያው አገር በርካታ ደብሮችም ደናቸውን በድንጋይ ካብ አጥረዋል።

ማታ ሒሳብ ስዘጋ ገንዘብ የጎደለ እንደሆነ እጄ ዛሬም ያመነታል። ያች የተሰረዘች «ሦስት» ትታወሰኛለች፤ የጎደለውንም ጎደለ ብዬ እጽፋለሁ።