አዲሱ ፓፍ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰፈሩ ከማለዳ ጀምሮ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ልማዱ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ እኔ ግን እማዬን አስም ከያዛት ወዲህ ይህን ቀን የምጠብቀው በፍርሃት ነው። መስኮቱን ዘጋሁ፣ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ወተፍኩ። አልሆነም፤ ማታ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። የድሮው ፓፍ አልቆ ስለነበር ትናንት የገዛሁትን ሳልቡታሞል ከካርቶኑ አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቴ ሳበች። ደቂቃ ሳይሞላ ሳሉ ተደራረበባት፤ አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ፓፉን በእጇ እየገፋች “ይሄ ነገር አነቀኝ” አለች።

“ጭሱ ነው እማዬ፣ ድገሚው” አልኳት። ደገመችው። ባሰባት።

በጎረቤት መኪና ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ኦክስጅን አደረጉላት።

ኅዳር 13

ተሽሏታል። ለመጣው ሁሉ “መድኃኒቱ ነው” ትላለች። ካርዷ ላይ የተጻፈው ግን ጭስ ብቻ ነው። አንዱ ባለሙያ “እናቴ፣ የአስም መድኃኒት እንዴት አስም ያስነሳል?” አላት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዝም አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ዝምታዬ ነው።

ኅዳር 15

ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት ዘርግቼ አነበብኩ። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ እንደተሳበ ወዲያው የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፤ ያኔ መድኃኒቱ ይቁም። ለእማዬ አነበብኩላት። “አላልኩሽም?” ብቻ አለችኝ።

ኅዳር 18

የሳንባ ሐኪሟ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ አልተገረመችም። አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ በተለይ አዲስ ፓፍ ሲጀመር። ቆርቆሮው ውስጥ መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም፤ ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ አለ፣ እንደ ሥሪቱም አልኮል ወይም ኦሌይክ አሲድ ይጨመርበታል። የተቆጣ ቧንቧ በእነዚህ ሊኮማተር ይችላል። በዱቄት መልክ የሚሳቡት ደግሞ ብዙዎቹ ላክቶስ አለባቸው፤ የላም ወተት አለርጂ በጠናበት ሰው ላይ አደጋ አለው። አዲስ ፓፍ ከመሳቡ በፊት በደንብ ተነቅንቆ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር ይረጫል፤ እኔ ይህን አላደረግሁም። ጭሱ ይሁን ፓፉ ወይስ ሁለቱ ተጋግዘው፣ ሐኪሟ ቁርጡን አልተናገረችም። ይልቅ ደጋግማ ያለችው፣ ስባው ከባሰባት እንዳንደግመውና ቶሎ እንድንመጣ ነው።

እማዬ ፓፍ የሚባል ሁሉ ይጣልልኝ ብላ ነበር፤ በየቀኑ የምትስበውን ቤክሎሜታዞን ጭምር። “እሱን ካቆሙ ነው የምፈራልዎት” አለቻት ሐኪሟ። ለድንገተኛው ሌላ ዓይነት ታዘዘላት፤ የመጀመሪያውን እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ሳበች። ሦስታችንም ሰዓት እያየን ጠበቅን። ደረቷ ጸጥ አለ።

ከዚያ ሐኪሟ ለመድኃኒት ጉዳት ሪፖርት የሚሞላውን ቢጫ ቅጽ አወጣች። ከቆርቆሮው ላይ የባች ቁጥሩን ገለበጠች። ምን እንደተሰማት ስትጠይቃት እማዬ ተጠግታ ወረቀቱን እያየች “አነቀኝ፤ እንዲያው እንዳልኩሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ” አለቻት።