ሚኒሞው ረጋ ማለት ሞተሩ ዳነ ማለት አይደለም

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ሲያጋጥም ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጯ ሲቀላ ቶሎ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፦ ኢጂአሩን መድፈን። ስስ ላሜራ በጓርኒሲዮኑ ልክ ተቆርጦ የጭሱን መንገድ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይረጋል፣ ባለመኪናውም ከፍሎ ይሄዳል። ይህ ልማድ ሆኖ እንዳይቀር መከራከር እፈልጋለሁ። ላሜራው ለጥቂት ደቂቃ ሲገባ ጥሩ መመርመሪያ ነው። እዚያው ሲቀር ግን ምልክቱን አጥፍቶ ብልሽቱን ይተዋል፤ ዕዳውንም በመንገዱ ዳር ለሚተነፍሰው ሰው ያሻግራል።

ኢጂአር ከሞተሩ ከሚወጣው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ከሚገባው አየር ጋር የሚቀላቅል ቫልቭ ነው። አንዴ የተቃጠለ ጭስ ዳግመኛ ስለማይነድ የቃጠሎውን ሙቀት ያወርዳል። ሙቀቱን ማውረድ ያስፈለገበት ምክንያት አለ፦ ከአየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ ከ1,370 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ናይትሮጅኑ ከኦክስጅን ጋር በብዛት እየተዋሐደ የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣና አስምን የሚያባብስ ጋዝ ይፈጥራል። ቫልቩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ መኪኖች ላይ የተስፋፋው ይህንኑ ለመቀነስ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ኢጂአር ሚኒሞ ላይ ዝግ መሆን አለበት። ካርቦን ይዞት መዝጋት ሲያቅተው ግን፣ የሚገባው አየር ትንሽ በሆነበት ሰዓት ጭስ ይጨመርበታል፣ እሳቱ እየተቆራረጠ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ በላሜራ ሲደፈን ከረጋ የተረጋገጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቫልቩ አይዘጋም። ተከታዩ ሥራ ፈትቶ ማጽዳት፣ ካልሆነም መቀየር ነው። ተደፍኖም ካልረጋ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ካንዴላው፣ ኢንጀክተሩ፣ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የወረደ ኮምፕሬሽን ይፈተሽ።

ካርቦኑስ ከየት መጣ? በተለይ በናፍጣ ሞተር ላይ ጥቀርሻ ከዘይት ተን ጋር ሲገናኝ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ጥቀርሻው የበዛው ኢንጀክተር እያንጠባጠበ፣ የአየር ፊልትሮ በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ የበዛው የፒስቶን ፋሻ አልቆ ወይም ተርቦው ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል። ላሜራው ለእነዚህ ሁሉ መልስ የለውም። ወባ ይዞት ትኩሳቱን ብቻ በማስታገሻ የሚያበርድ ሰው ዳነ እንደማይባል፣ አርባ ምንጭ ላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ልማዱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የማዝዳ ሮታሪ ሞተሮች ላይ አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ነበር፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ መውጫው ውስጥ እንዳይፈነዳ ይከላከላል። ቫልቩ አርጅቶ አየር ማሾለክ ሲጀምር ሚኒሞው ይረበሻል፤ ቱቦውን የደፈነ ሰው ሚኒሞውን ያረጋል፣ በምትኩ ግን የፍንዳታ መከላከያውን ያጣል። ትርፍ የመሰለው ዕቃ ሥራ ነበረው።

ተቃውሞዎቹን በቁም ነገር መመለስ ይገባል። አንደኛው «ሲደፈን ጉልበት ይጨምራል» የሚለው ነው። ከሲቀላ ተነስቶ ከ2,600 ሜትር በላይ ወዳለችው ጨንቻ ለሚወጣ ሾፌር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጤነኛ ኢጂአር ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ በአብዛኛው ይዘጋል፤ ስለዚህ ዳገቱ ላይ የሚሰርቀው ጉልበት ከቁጥር አይገባም። ተደፍኖ ጉልበት የጨመረ መኪና ቫልቩ ክፍት ሆኖ የቀረ መኪና ነው፤ ሲጸዳም ጉልበቱ ይመለሳል። በአንጻሩ ብዙ የቤንዚን ሞተሮች የእሳት አሰጣጣቸው ኢጂአሩን ታሳቢ ስላደረገ፣ ተደፍኖ ሲነዱ ሊያንኳኩ ይችላሉ። በኮምፒውተር የሚሠሩት ላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ይበራል፤ እሱንም ለማጥፋት ሌላ ማታለል ይመጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመለዋወጫ ዋጋ ነው፤ እውነተኛ ችግር ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ቫልቭ ሳይሆን የካርቦን ማጽጃ፣ ብሩሽ፣ አዲስ ጓርኒሲዮንና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ነው። «ነዳጁ ስለማይረባ መልሶ ይደፈናል» ለሚሉም መልሱ ማጽዳቱን እንደ ዘይት ቅያሪ በየጊዜው መመለስ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። የሚተካ ሲጠፋ ያለውን በወጉ መጠገን ከቅንጦት አይቆጠርም።

ሦስተኛው «የእኔ አንድ ሚኒባስ ምን ያመጣል?» የሚለው ነው። ጭሱ ግን የሚከማቸው እዚያው ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ፣ ሙዝ በሚጫንበት፣ ባጃጆች በሚሰለፉበት፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ውሎ በሚገባ ሰው ደረት ውስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቮልስዋገን 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪኖች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያውን በፍተሻ ጊዜ ብቻ በትክክል እንዲሠራ በሶፍትዌር ማዘጋጀቱ ሲጋለጥ ዓለም ወንጀል ብሎታል። መጠኑ ባይነጻጸርም፣ ላሜራው የሚሠራው የዚያን ዓይነት ሥራ ነው።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። የተሽከርካሪ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 681/2002ም አለ። ስለዚህ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ፍሬንና መብራትን አይቶ እንዳያበቃ፣ ኢጂአሩ መደፈኑንም እንዲያይ እጠይቃለሁ። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚማሩ ወጣቶች ቫልቭ ማጽዳትን በእጃቸው ሠርተው ይውጡ። ባለመኪና ሆይ፣ «ሚኒሞው ተስተካክሏል» ሲሉህ «ምክንያቱ ምን ነበር?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱ ላሜራ ብቻ ከሆነ ጥገናው ገና አልተጀመረም። መካኒክም ምርመራውን ከጨረሰ በኋላ ላሜራውን ያውጣ፤ ምክንያቱን አግኝቶ የሚያስተካክል እጅ ከሚደፍን እጅ የበለጠ ሊከፈለው ይገባል፣ እኛም ልዩነቱን አውቀን ልንከፍል ይገባናል።